ሥጋ የተወና ሥጋ ያጣ

ረመዳን ሲገባ በየቤታችን አብሮ የሚገባ አንድ ክርክር አለ። እናት የኢፍጣሩን ወጪ ስታሰላ፣ አባት ከሉካንዳ ስንት ኪሎ እንደሚበቃ ሲጠይቅ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ልጅ ‹‹ሥጋ ለጤናም ለምድርም አይበጅም፤ ዘንድሮ አትክልት ብቻ ብንበላስ?›› ትላለች። አያት ደግሞ ‹‹ቀኑን ሙሉ ጾሞ የዋለ ሰው በጎመን ሊያፈጥር ነው እንዴ?›› ብለው ይቆጣሉ። ክርክሩ ሳያልቅ የመግሪብ አዛን ይደርሳል፤ በማግስቱም ካቆመበት ይቀጥላል።

ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ ሁለቱም ግን አንድ ሰው ረስቷል። የረሱት ‹‹ልብላ ወይስ ልተው›› ብሎ የመምረጥ ዕድል ያላገኘውን ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። ሥጋ ሐላል ነው፤ ማንም እርም ሊያደርገው አይችልም። የኢፍጣር ግዴታ ግን አይደለም፤ ግዴታ ያደረግነው እኛው ነን። ይህን ግዴታ ከጫንቃችን ብናወርድ ደግሞ ጤናችንም፣ ኪሳችንም፣ ጉርብትናችንም ይጠቀማል።

በመጀመሪያ የሃይማኖቱን ጉዳይ እንመልከት። ቁርኣን በሱረቱል ነሕል የቤት እንስሳት ለሰው ልጅ ጥቅም እንደተፈጠሩና ከእነርሱም እንደምንመገብ ይነግረናል። በሱረቱል ማኢዳ ደግሞ አላህ የፈቀደውን መልካም ነገር በራሳችን ላይ እርም እንዳናደርግ ተከልክለናል። ስለዚህ ሥጋ መብላትን እንደ ወንጀል የሚቆጥር አስተሳሰብ በእስልምና ቦታ የለውም። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ሥጋ ይበሉ ነበር፤ ከበግ ሥጋም የፊት እግሩን ይወዱ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል።

ይህ ማለት ግን ሥጋ የሌለበት ማዕድ ጎዶሎ ነው ማለት አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጾማቸውን የሚፈቱት በእሸት ተምር፣ እሱ ካልተገኘ በደረቅ ተምር፣ እሱም ካልተገኘ በውሃ እንደነበር አነስ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በነቢዩ ቤት ወር አልፎ ወር እስኪተካ ለምግብ ማብሰያ እሳት የማይነድበት ጊዜ እንደነበር፣ ምግባቸውም ተምርና ውሃ እንደነበር ተናግረዋል። ነቢዩ አንድ ጊዜ ማባያ ጠይቀው ከኮምጣጤ በቀር የለም ቢባሉ ኮምጣጤውን አወድሰው በልተዋል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ደግሞ ሥጋ እንደ መጠጥ ሱስ የማስያዝ ባሕርይ እንዳለው ማስጠንቀቃቸው በኢማም ማሊክ ሙወጠእ ውስጥ ሰፍሯል። እነዚህ ዘገባዎች ሥጋን አያወግዙም፤ ሥጋን በቦታው ያስቀምጡታል እንጂ።

በወሩ መጨረሻ የምናወጣውን ዘካተል ፊጥርንም እናስተውል። አቡ ሰዒድ አል ኹድሪ (ረ.ዐ) በነቢዩ ዘመን ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁና ያህል ይሰጥ የነበረውን ሲዘረዝሩ ገብስን፣ ተምርን፣ ዘቢብንና የደረቀ አይብን ይጠራሉ። ዛሬ በየመስጊዱ ከ2 ኪሎ ተኩል እስከ 3 ኪሎ እህል ተብሎ የሚሰላው ይኸው ነው። ድሃው በዒድ ቀን እንዳይራብ የታዘዘው ምጽዋት የሚለካው በእህል ነው፤ በዝርዝሩ ውስጥ ሥጋ የለም።

አሁን ደግሞ ወደ ልጅቱ ክርክር እንምጣ። ‹‹ሥጋ ይቅርብን›› የሚሉት ወጣቶች ባዶ ወሬ አይደለም የያዙት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት ወር እንደ ሳላሚና ሞርታዴላ ያሉ በፋብሪካ የተቀነባበሩ የሥጋ ውጤቶችን ካንሰር አምጪ ከሚባሉት ተርታ መድቧቸዋል። ቀይ ሥጋን ደግሞ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ብሎ አስቀምጦታል። ሪህ ያለበት፣ ደም ግፊት ያለበት፣ ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለበት ሰው ሥጋና ስብ እንዲቀንስ ሐኪም የሚነግረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከብት እርባታም በዓለም አየር ንብረት ላይ ጫና አለው።

ይሁን እንጂ ይህ ክርክር ተወልዶ ያደገው ሥጋ በየቀኑ፣ አንዳንዴም በቀን ሦስቴ በሚበላበት አገር ነው። የዓለም ሕዝብ አማካይ የሥጋ ፍጆታ በነፍስ ወከፍ በዓመት ከ40 ኪሎ በላይ ነው። የእኛ አገር ፍጆታ የዚያን ሩብ እንኳ አይሞላም። በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ሥጋ የሚያይ ቤተሰብ ዘንድ ሄዶ ‹‹ሥጋ ቀንሱ›› ማለት ለባዶ እግር ተጓዥ ስለ ጫማ ጥበት እንደ መስበክ ነው።

ደግሞ አርብቶ አደሩን እናስብ። የአፋር፣ የሶማሌና የቦረና ወገናችን በዝናብ አጠር መሬት የሚኖረው በወተትና በሥጋ ነው። ግመሉና ፍየሉ እኛ ልንበላው የማንችለውን ቁጥቋጦ ወደ ምግብ ይለውጡለታል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናብ በተከታታይ አምስት ወቅት ከድቶት በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት ሲያልቅበት ያለቀበት ምግቡ፣ የልጁ ጥሎሽና የባንክ ሂሳቡ ጭምር ነበር። ለእርሱ የአትክልት ማዕድ ምርጫ አይደለም፤ የሚያርሰውም የሚያጠጣውም የለውም።

ከሁሉም በላይ ሕፃናትን እናስብ። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት መካከል 37 በመቶው የመቀንጨር ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል። መንግሥትም ይህን ችግር በ2022 ዓ.ም. ለማስወገድ የሰቆጣ ቃል ኪዳንን የገባው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 እስከ 23 ወር ያሉ ሕፃናት በየቀኑ ከእንስሳት የተገኘ ምግብ፣ ማለትም እንቁላል፣ ሥጋ ወይም ዓሣ፣ እንዲመገቡ ይመክራል። ቫይታሚን ቢ12 የሚባለው ለደምና ለነርቭ የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር በተፈጥሮ ከአትክልት አይገኝም። ስለዚህ ነፍሰ ጡርን፣ የምታጠባ እናትንና ሕፃንን ‹‹አትክልት ብቻ›› ማለት ያለ ሐኪም ምክር የሚደፈር ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ነው ሥጋ የተወና ሥጋ ያጣ ሰው የሚለያዩት። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ ቀና ያለ ሰው ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በዳገቱ ላይ ከራሳቸው ቁመት የሚረዝም የባሕር ዛፍ ጭነት በጀርባቸው ተሸክመው፣ በመቀነት ታስረው፣ ጎንበስ ብለው የሚወርዱ እናቶች ዛሬም አሉ። ስንቃቸው ቆሎ ወይም ቁራሽ ዳቦ ነው፤ ማታ ቤታቸው የሚጠብቃቸው ሽሮ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን አይቶ ‹‹ይኸው ያለ ሥጋም ጉልበት አለ›› ይላል። ይህ የጥጋበኛ ወሬ ነው። እነዚህ እናቶች ሥጋ አልተዉም፤ ሥጋ አጥተዋል። የተወ ሰው ነገ ሲያሰኘው ይመለስበታል፤ ያጣ ግን ለልጁ እንኳ እንቁላል መምረጥ አይችልም።

ስለዚህ በቤታችን የሚነሳው ጥያቄ ‹‹ሥጋ ይሻላል ወይስ አትክልት?›› የሚል ብቻ መሆን የለበትም። ‹‹እኛ የተውነው ላጣው ይደርሳል ወይ?›› የሚለውንም መጨመር አለበት። ሥጋ ትቶ የተረፈውን ብር በሌላ ድሎት የሚያጠፋ ሰው አመጋገቡን ቀየረ እንጂ ረመዳንን አልጠቀመበትም።

አሁን ደግሞ አያት ወደሚቆሙበት ወገን እንለፍ። ‹‹ሥጋ የሌለው ኢፍጣር›› የሚለው ቃል በራሱ እንደ ነውር የሚሰማበት ቤት ብዙ ነው። እንግዳ የማይጠሩ፣ ዘመድ ሲመጣ የሚሳቀቁ፣ ወሩን ሙሉ ከባለ ሱቅ በዱቤ ወስደው ዒድን በዕዳ የሚቀበሉ ቤተሰቦች አሉ። ደመወዝ ባለበት ቆሞ የገበያ ዋጋ ሲሮጥ፣ ሥጋ ለመግዛት የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ የሚያዘገይ አባት ጾሙን ወደ ጭንቀት ለውጦታል። በአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ ስንት ኪሎ ምስርና ክክ እንደሚገዛ እያንዳንዷ እናት ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

የእኛው አባባል ‹‹ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም›› ይላል። ቤት ያፈራውን ያቀረበም ንፉግ አይባልም። ጾመኛን ያስፈጠረ ሰው የጾመኛውን ያህል ምንዳ እንደሚያገኝ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያስተምሩ ምንዳውን በምግቡ ዓይነት አልመዘኑትም። እንዲያውም ለአቡ ዘር (ረ.ዐ) የመከሩት ምክር ለዘንድሮው ኑሯችን የተነገረ ይመስላል፤ መረቅ በሠራህ ጊዜ ውሃውን አብዛና ጎረቤቶችህን አስብ ነበር ያሏቸው። ትንሹ ሥጋ ለአንድ ቤት ጥብስ ከሚሆን ለሦስት ቤት ሾርባ ይሁን ማለት ነው። በአጃ ሾርባችን ውስጥ የምትገባው ቁራጭ ሥጋ ይህን ሥራ ድሮም ስትሠራ ኖራለች።

ጎረቤት ሲነሳ ደግሞ የሰፈራችንን ልዩ ጉዳይ ማንሳት ግድ ነው። በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በቤላም ሆነ በጉራራ፣ አብዛኛው ሙስሊም ቤተሰብ ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር በአንድ ግቢ፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም ደረጃ፣ በአንድ ዕድር ይኖራል። ቡና አብሮ ይጠጣል፤ ለቅሶ አብሮ ይቀመጣል። ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ማዕዱ ይለያያል። በአገራችን ነባር ልማድ ሙስሊሙ ሙስሊም ያረደውን፣ ክርስቲያኑም ክርስቲያን ያረደውን ይበላል። በአዲስ አበባ ቄራዎች ድርጅት እርዱ ለየብቻ ነው፤ በየሉካንዳው በር ላይም ጨረቃ ወይም መስቀል ይታያል። በሠርግና በለቅሶ ቤትም ሁለት ድስት ይጣዳል። ይህ ልማድ ማንንም አላጣላም፤ ተከባብረን የኖርንበት ነው። ሁላችንንም በአንድ ትሪ ዙሪያ ያለ ጥያቄ የሚሰበስበው ግን ከመሬት የበቀለው ነው።

ዘንድሮ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ጎልቷል። ሁዳዴ ሰኞ የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ገባ፤ በዚያው ሳምንት ረመዳን ተከተለው። በ2016 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች መጋቢት 2 ቀን በአንድ ቀን ገብተው እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በመጪው ዓመት ግን ሁዳዴ የሚገባው ረመዳን ሊያልቅ ሲል ስለሆነ ወሩን ሙሉ አብሮ የመጾሙ ነገር ለጊዜው ያበቃል። ዘንድሮ ወደ ጎረቤት በሥጋ የተሞላ ሳምቡሳ ብንልክ ሁለት ጊዜ የማይበላ ነገር ላክን ማለት ነው፤ አንድም በእርዱ፣ አንድም በጾሙ። በዘይት የተጠበሰ የምስር ሳምቡሳ ብንልክ ግን ለቤተሰቡ በሙሉ ይደርሳል። እነርሱም የሱፍ ፍትፍታቸውን፣ አዚፋቸውን፣ ስልጇቸውን ቢሰጡን እኛ በመግሪብ እንቀምሰዋለን። ዒዳችን ሲደርስም ጎረቤቶቻችን ገና ጾም ላይ ናቸው። በዒድ ማዕዳችን ጥግ አንድ የምስር ወጥ፣ አንድ ጎመን፣ ቅቤ ያልነካው አንድ ድስት ማዘጋጀት እንግዳ አክባሪነታችንን ያሳያል።

የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን እናቶች ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ የሚጣፍጥ ምግብ መሥራትን በዘመናት ጾም ያዳበሩት ሙያ ነው። ይህን ሙያ ከእነርሱ መማር ነውር የለውም። የእኛም እናቶች በሐረርጌ፣ በወሎና በጉራጌ መንገድ የሚያውቁት ብዙ ነገር አለ። ዘንድሮ ሁለቱም ኩሽናዎች በአንድ ጊዜ እየጾሙ ስለሆነ ለመማማር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም።

ጤናውን በተመለከተም ጥቂት ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ቀኑን ሙሉ ያረፈ ሆድ በአንድ ጊዜ በጥብስ፣ በቅባትና በጣፋጭ ሲሞላ ተራዊሕ ላይ የሚያንቀላፋው በጾሙ ሳይሆን በጥጋቡ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሆድን ለምግብ፣ ለውሃና ለትንፋሽ በሦስት እንድናካፍል መምከራቸው እዚህ ላይ ይታወሳል። ሽሮና ምስር ከጤፍ እንጀራ ጋር ሲበሉ የፕሮቲናቸው ዓይነት እርስ በርስ ይሟላል። ሊጡ መቡካቱ ደግሞ በጤፉ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን በተሻለ እንዲጠቀምበት ያግዛል። በምስሩ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ወይም ቲማቲም መብላትም እንዲሁ። ሻይና ቡና ግን ከምግቡ ጋር ከተጠጡ ብረቱን ያግዱታል፤ ስለዚህ ካፈጠርን በኋላ ሰዓት ያህል ብናዘገያቸው መልካም ነው። ለስሁር ቅንጬ፣ በሶ ወይም አጃ የያዘ ሰው ከጨው የበዛበት ጥብስ ከበላው ይልቅ ቀኑን በትንሽ ጥማት ይውላል። የአትክልት ምግብ ሁሉ ጤናማ ነው ማለት ግን አይደለም። በተደጋጋሚ በሞቀ ዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳም ሆነ በስኳር የረሰረሰ ሙሸበክ ከአትክልት ነው ተብሎ ያለ ልክ አይበላም።

የሚነሱ ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ‹‹በዓመት አንድ ወር ነው፤ ይህንም ቀንሱ ማለት ተገቢ አይደለም›› የሚል አለ። ነገር ግን ይህ አንድ ወር የመጣው ፍላጎታችንን እንድንገራ ነው። በሌሎቹ ወራት ከምናወጣው በላይ ለሆዳችን የምናወጣበት ወር ከሆነ ትምህርቱ ተገልብጧል። ‹‹ይህ ድሃን ማባበያ ነው›› የሚልም ይኖራል። የዚህ ጽሑፍ ጥሪ ግን ለድሃው አይደለም፤ ለሚችለው ነው። ድሃውማ ያለ ማንም ምክር ሥጋውን ትቷል። ‹‹እናትና አባቴን በስተርጅና ሥጋ ልከልክላቸው?›› ለሚል መልሱ አይሆንም ነው። ለአረጋዊ፣ ለታማሚ፣ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን የሚስማማው ይቅረብ፤ ቁጠባው በጎልማሳው ይጀመር።

እንግዲህ ቤተሰብ ተቀምጦ ሊስማማበት የሚችል ነገር ላቅርብ። የሳምንቱ አብዛኛው ኢፍጣር በተምር፣ በሾርባ፣ በምስር ሳምቡሳ፣ በሽሮና በአትክልት ይሁን። ሥጋ በጁምዓ ወይም ቤተሰብ በሚሰበሰብበት ቀን ይቅረብ፤ ያን ጊዜ ይበልጥ ይጣፍጣል። የዚህ ውሳኔ የመጀመሪያ ተጠቃሚ ከዐስር ሶላት በኋላ ጾሟን ይዛ ምድጃ ስር የምትቆመው እናት ትሁን፤ የማዕዱ ዓይነት ሲያንስ የእርሷም ድካም ይቀንሳል፤ ለቁርኣንና ለዱዓ ጊዜ ታገኛለች። ወንዶች ልጆችም ሽንኩርት መክተፍ ቢለምዱ አይጎዳቸውም።

ከሥጋው የተረፈውን ብር ደግሞ በአንድ ዕቃ ለብቻው እናጠራቅመው። ከፊሉ ለቤታችን ሕፃን እንቁላልና ወተት ይሁን። የቀረው ለዒድ ይቀመጥ። በሰፈራችን አምስት ስድስት ቤት ሆኖ ከካራ ወይም ከሾላ ገበያ በሬ ገዝቶ ቅርጫ ማረድ የተለመደ ነው። በዚህ ዒድ ከሚወጡት መደቦች አንዱ የማንም ባለ ድርሻ ያልሆነ ይሁን፤ ከላይ ከዳገቱ እንጨት ተሸክማ ለምትወርደው ሙስሊም እናት ቤት ይሂድ። ክርስቲያን ለሆነችው ደግሞ የመደቡ ዋጋ ይሰጣት፤ ፋሲካዋ ሲደርስ በራሷ እርድ ትፈስክበት። ስናርድም ቢላውን ስለን፣ እንስሳውን ሳናስጨንቅ፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትእዛዝ መሠረት በርኅራኄ እንረድ።

እንዲህ ከሆነ ልጅቱም አያትም አልተሸነፉም። ልጅቱ ቤተሰቧ ሥጋ ሲቀንስ ታያለች፤ አያትም በዒድ ቀን ጥብሳቸውን ይበላሉ። በዚያው ቀን ወሩን ሙሉ ሥጋ ያልሸተተው አንድ ቤት ውስጥም ድስት ይጣዳል። ሥጋ መተዋችን ትርጉም የሚኖረው ያን ጊዜ ነው።

አላህ ጾማችንን፣ ሶላታችንንና ሰደቃችንን ይቀበለን፤ ያጣውን ወገናችንን ከሰፊው ጸጋው ይስጠው። መልካም የረመዳን ጾም!